ሦስት ዓመት ያልላክኋት ፖስትካርድ

ከስምንተኛ ክፍል በላይ አልተማርኩም። ከዚያ ወዲህ ያለውን ያስተማርኩት እኔው ራሴን ነው። እንግሊዝኛን የለቀምኩት ገጾቹ ከወላለቁ አሮጌ መዝገበ ቃላት ነው። ላስ ቬጋስ ከመጣሁ በኋላም አስተርጓሚ ሳልለምን የመንጃ ፈቃዱን፣ የዜግነቱን፣ የልጆቹን ትምህርት ቤት ቅጽ ሁሉ ራሴ ሞልቻለሁ። ከመንግሥት የመጣ ደብዳቤ በትንንሽ ፊደል እስከተጻፈችው የመጨረሻ መስመር ድረስ ሳላነብ አስቀምጬ አላውቅም። በዚህ እኮራ ነበር። ኩራቱ ያስከፈለው እኔን ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህን ባልጻፍኩ።

የልጆቻችን ትምህርት ቤት ከቻይናታውን ወደ ምዕራብ አለፍ ብሎ ነው። ወላጁ አብዛኛው ዘ ስትሪፕ በሚባለው የካዚኖና የሆቴል ጎዳና ላይ የሚሠራ ነው፤ ክፍል የሚያጸዳ፣ ወጥ ቤት የሚሠራ፣ መኪና የሚነዳ። እኔም አንድ ሆቴል በር ላይ ቫሌት ነኝ፤ የእንግዳ መኪና ተቀብዬ ፓርክ አደርጋለሁ። ትምህርት ቤቱ ውስጥ ከወላጆችና ከመምህራን የተውጣጣች ትንሽ ማኅበር አለችን። ሊቀመንበሯ ሊሞዚን የሚነዳ የወሎ ሰው ነው። እኔ ጸሐፊዋ ነኝ።

የማኅበሯ ትልቁ ሥራ የቅዳሜው የንባብ ክፍል ነበር። ጡረታ የወጡ አንዲት አሜሪካዊት መምህርት ቅዳሜ ጠዋት በትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ፣ ከክፍላቸው ወደኋላ የቀሩ ልጆችን በየተራ አጠገባቸው እያስቀመጡ ያስነብቡ ነበር። አባትና እናታቸው ቤት ውስጥ እንግሊዝኛ ሊያስነብቧቸው የማይችሉ ልጆች ናቸው። የመምህርቷን ደሞዝ የሚሸፍነው የአንድ ሆቴል የበጎ አድራጎት ክፍል ነው። ሆቴሉ የጠየቀን አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ማኅበሯ ከግብር ነፃ የሆነች የበጎ አድራጎት ድርጅት መሆኗን የሚመሰክረው የግብር መሥሪያ ቤቱ ደብዳቤ እንደጸና እንዲቆይ። ደብዳቤው እስካለ ክፍሉ አለ። ደብዳቤው ከወደቀ ክፍሉም ይወድቃል። ይህን ሁላችንም እናውቅ ነበር።

ደብዳቤውን ያስገኘችው ከእኔ በፊት ጸሐፊ የነበረችው ልጅ ናት። ልጅ የምላት በዕድሜ ስለምበልጣት ነው እንጂ የሁለት ልጆች እናት ናት። ባሏ ቴክሳስ ሥራ አግኝቶ ሲሄዱ ሰነዶቹን ያስረከበችኝ ከአፓርታማዋ ፊት፣ የኪራይ ካሚዮን ላይ ፍራሽ እየተጫነ ነው። የጁላይ ፀሐይ አናት ይበሳል። አንድ የፕላስቲክ ማኅደር አወጣች፤ ውስጡ ደብዳቤው፣ መተዳደሪያ ደንቡና የቃለ ጉባኤው መዝገብ አለ።

«ጋሼ፣ ሁሉም እዚህ ውስጥ ነው» አለችኝ። «አደራ፣ በየዓመቱ ኖቬምበር ሳይጋመስ ለታክስ ሰዎቹ ፖስትካርዷን ይላኩላቸው።»

«ፖስትካርድ?»

«አዎ፣ እሷን ብቻ ነው የሚፈልጉት። አምስት ደቂቃ አትፈጅም። ካልላኩላቸው ግን ይቀየሙናል» ብላ ሳቀች። ወዲያው ፍራሹን ከላይ የያዘው ሰው ጠራትና ሄደች።

«እሺ» አልኩ። ሌላ አንድም ጥያቄ አልጠየቅሁም።

ለምን እንዳልጠየቅሁ ማስረዳት አለብኝ። አዲስ አበባ በጉርምስናዬ የአንድ ነጋዴ ተላላኪ ነበርኩ። እኛ ዘንድ ፖስትካርድ ማለት አበባ የተሳለበት፣ እንኳን አደረሰዎ የሚል የበዓል ካርድ ነው። ጳጉሜን ሲገባ ነጋዴው በደርዘን ያስገዛኛል። ገሚሱን ለዘመዶቹ ይልካል። ገሚሱን ግን እኔ በእጄ ይዤ ለግብር ሠራተኛው፣ ለንግድ ፈቃድ ክፍሉ ኃላፊ፣ ለማዘጋጃ ቤቱ ሹም አደርሳለሁ። እነዚያ ካርዶች ወፈር ይሉ ነበር። አንድ ቀን ዝናብ ነክቶት የአንዱ ኤንቨሎፕ ማሸጊያ ተላቀቀና ካርዱ ውስጥ የታጠፈውን ብር አየሁ። ሳስረክብ ሹሙ ካርዱን አላነበበውም፤ በሁለት ጣቱ ዳበስ አድርጎ መሳቢያው ውስጥ ከተተው። «ፖስትካርዱ ደረሰው?» ይለኛል ነጋዴው። «ደርሷል» እላለሁ። በዓል አልፎ ፖስትካርድ ያልደረሰው ሹም ይቀየማል፤ ሹም ሲቀየም ምን እንደሚከተል ደግሞ መርካቶ ያለ ሁሉ ያውቃል። ያን ሥራ የተውኩት ይህን ተጸይፌ ነው ብል ደስ ባለኝ። የተውኩት ነጋዴው ስላባረረኝ ነው። የተጸየፍኩት በኋላ፣ ስጋቱ ሲለቀኝ ነው።

እንግዲህ ልጅቷ «ለታክስ ሰዎቹ ፖስትካርድ፣ ካልላክን ይቀየማሉ» ስትለኝ የገባኝ ይኸው ነው። ኖቬምበር ደግሞ እዚህ አገር የምስጋና በዓል ያለበት ወር ነው፤ ሁሉም ነገር ገጠመልኝ። የኛ ሰው ባሕር ተሻግሮም እጅ መንሻውን አልተወም አልኩ በልቤ። እኔ ጸሐፊ እስከሆንኩ ድረስ ከዚህ ማኅበር ለመንግሥት መሥሪያ ቤት የበዓል ካርድ አይላክም ብዬ ወሰንኩ። ማንንም አላማከርኩም። ራሱን ያስተማረ ሰው አንድ ክፉ ጉድለት አለበት፤ መጠየቅ አለማወቁን ማሳበቅ ይመስለዋል።

የመጀመሪያው ኖቬምበር እንዲህ አለፈ። በሁለተኛው ላይ ለትልቋ ልጄ ታሪኩን ለምክር ነገርኳት። ያኔ ዐሥረኛ ክፍል ነበረች። ከትምህርት ቤት ይዣት ስመለስ የነጋዴውን፣ የዝናቡን፣ የሹሙን ሁለት ጣት አንድ በአንድ ተረክሁላት። «ሰው የሚበላሸው በትልቅ ነገር እንዳይመስልሽ። በካርድ ነው የሚጀምረው» አልኳት። «ኦኬ አባ» አለች፤ ዓይኗ ስልኳ ላይ ነበር። በሦስተኛው ኖቬምበር ነገሩ ጭራሽ ትዝ አላለኝም።

በነዚያ ዓመታት ጥብቅ ጸሐፊ ነበርኩ። ያረፈደ ወላጅ ሳልገሥጽ አልፌ አላውቅም። አንዲት ሆቴል ክፍል የምታጸዳ እናት ነበረች። የስምንት ዓመት ሴት ልጇ ከክፍሏ ሁለት ዓመት ወደኋላ ቀርታ ነው ያመጣቻት። ለዚህ ስትል የቅዳሜ ኦቨርታይሟን ትታለች። አንድ ቀን ሩብ ሰዓት ዘግይታ ስትመጣ በር ላይ ቆሜ «የልጅሽን ሰዓት አንቺ ካላከበርሽ ማን ያከብረዋል?» አልኳት። «ይቅርታ ጋሼ» ብላ ጎንበስ አለች። ከጥቂት ወራት በኋላ ያችው እናት እየሳቀች መጣች። ልጅቷ መንገድ ላይ ያገኘችውን ጽሑፍ ሁሉ ጮክ ብላ ማንበብ ጀምራለች። «የካዚኖውን ማስታወቂያ ሁሉ ታነበዋለች፤ የማይነበበውንም። መስኮቱን በምን ልሸፍነው?» አለችኝ። ሁለታችንም ሳቅን። ከእሷ ጋር የሳቅሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

በሦስተኛው ዓመት፣ ማርች ላይ፣ አንድ ቅዳሜ ልጆቹ ንባባቸውን ሲጨርሱ ሊቀመንበሩ እኛን ወላጆቹን ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ አስቀረን። ወንበሮቹ የልጆች ስለሆኑ ጉልበታችን ደረታችን ጋ ደርሶ ነው የተቀመጥነው።

«ጀመዓ፣ ደግ ወሬ አልያዝኩም» አለ። ከሆቴሉ የመጣለትን ኢሜይል ከስልኩ ላይ አነበበ። ሆቴሉ የሚረዳቸውን ድርጅቶች ስም በየዓመቱ ከመንግሥት ዝርዝር ጋር ቼክ ያደርጋል። ዘንድሮ የኛን ያገኙት ከግብር ነፃ መሆናቸው ከተሰረዘባቸው መካከል ነው። ምክንያቱ ሦስት ተከታታይ ዓመት ሪተርን የሚሉትን ዓመታዊ የግብር መግለጫ ባለማቅረብ ይላል።

«ከግብር ነፃ ከሆንን የምን ሪተርን ነው?» አለች ያቺ እናት። «ነፃ ማለት ነፃ አይደል እንዴ?»

«ነፃ የሆነውም ነፃ ነኝ ብሎ ማሳወቅ አለበት ማለት ነዋ» አለ ሊቀመንበሩ። «እኔ ምን አውቃለሁ፤ ወረቀቱ የጸሐፊው ነው።»

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። ተነሣሁ። «ስለ ሪተርን አንድም ቀን አልነገረችኝም። ማኅደሩ ውስጥም የለም። ያለፈችው ጸሐፊ ይህን አላስረከበችኝም» አልኩ። እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ ነው የተናገርኩት። በዚያች ሰዓት የማውቀው ያንን ነበር።

ከዚያ በኋላ ልጅቷን ያላነሣት የለም። ለመሄድ ስትቸኩል ማኅበሯን በትናት ሄደች ተባለ። ሊቀመንበሩ ራሱ «ወላሂ ጥሩ ልጅ ነበረች፤ ግን ፍራሿን በደንብ ጫነች፣ እኛን ጥላ ሄደች» አለና ሰው አሳቀ። ለሆቴሉ ደብዳቤ እንድጽፍ ተወሰነ። የቀድሞዋ ጸሐፊ ሳታስረክብ በመሄዷ ያልታወቀ ጉድለት መፈጠሩን ገልጬ፣ ነገሩ እስኪስተካከል ልጆቹ እስከ ጁን እንዲማሩ እንድለምን።

ቤት እንደገባሁ ትልቋ ልጄ ወጥ ቤት ጠረጴዛው ላይ ላፕቶፗን ከፍታ የቤት ሥራ ትሠራ ነበር። ዐሥራ አንደኛ ክፍል ደርሳለች። ሪተርን የሚሉትን ነገር ፈልጊልኝ አልኳት። ትንሽ አነበበች።

«አባ፣ ይሄ ለትልልቅ ድርጅት ነው። የኛ ትንሽ ነው አይደል? ገቢው በዓመት ከሃምሳ ሺህ በታች ከሆነ ሌላ አለ። አጭር። ኦንላይን ነው የሚልኩት።»

«ምን ይባላል?»

አንገቷን ሳታዞር «ኢ-ፖስትካርድ» አለች።

ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ።

«ካርድ አይደለም አባ። ፎርም ነው። ላይክ፣ አጭር ስለሆነ ስሙን እንደዛ አሉት። ስምንት ጥያቄ ብቻ ነው። ስም፣ አድራሻ፣ ማን ነው ኃላፊው፣ እንደዚህ።» ከዚያ ዞራ አየችኝ። «ያኔ መኪና ውስጥ የነገርከኝ… ብር የሚያስገቡበት ያልከው… ይሄን ነው?»

«ይሄን ነው።»

«ኦ» አለች። በሕይወቴ ከልጄ አፍ ከሰማኋቸው ተግሣጾች ሁሉ የከበደችኝ ይህች አንዲት ፊደል ናት።

ሕጉን እስከ መጨረሻው ራሴ አነበብኩት። ትንሽ ማኅበር የበጀት ዓመቱ ካለቀ በኋላ በአምስተኛው ወር፣ ወሩ በገባ በዐሥራ አምስተኛው ቀን ፖስትካርዷን መላክ አለበት፤ የኛ ዓመት ጁን ላይ ስለሚያልቅ ነው ኖቬምበር የሆነው። ሦስት ዓመት በተከታታይ ያልላከ፣ ሦስተኛዋ ቀን ስታልፍ ነፃነቱ ያለ ማንም ውሳኔ በራሱ ይሰረዛል። የሚሰበሰብ ዳኛ የለም፤ ይግባኝ የለም። የሚቀየም ሹም ቢኖር ኖሮ እንኳ መልካም ነበር፤ የተቀየመ ሰው ይለመናል። ማስታወቂያውን ልከውልን ነበር፤ የላኩት ግን መዝገባቸው ላይ ወዳለው አድራሻ፣ ልጅቷ ወደለቀቀችው አፓርታማ ነው። የአዲሱን ኃላፊ ስምና አድራሻ የምትጠይቀው ደግሞ ያችው ፖስትካርድ ናት።

ቅዳሜ የተናገርኩት ስናገረው እውነት ነበር። እሑድ ግን እውነት አልነበረም። ቃሉ ያው ነው፤ የተለወጠው የኔ ማወቅ ነው። ቢሆንም ለማንም አልተናገርኩም። ሰኞ ዕለት ለሆቴሉ እንዲጻፍ የተባለውን ደብዳቤ ጻፍኩት፤ ያለ ችግር ነው የወጣልኝ። የቀድሞዋ ጸሐፊ ሳታስረክብ በመሄዷ ለሚለው ዐረፍተ ነገር መዝገበ ቃላት እንኳ አላስፈለገኝም። አትሜ ዩኒፎርሜ ኪስ ውስጥ አደረግሁትና የሰው መኪና ሳቆም ሰነበትኩ። ልጆቼን ሲዋሹ የምቀጣ አባት ነኝ። ትንሿን ልጄን የጥርስ ብሩሿን ሳታረጥብ ቦረሽኩ በማለቷ አንድ ሳምንት ቴሌቪዥን ከልክያታለሁ።

ሐሙስ ዕለት ሊቀመንበሩ ደወለ፤ ደብዳቤው የት ደረሰ አለኝ። ስፕሪንግ ማውንቴን መንገድ ላይ ካለች አንዲት ሻይ ቤት በር ላይ ተገናኘን፤ መኪናው ውስጥ አስገባኝ። ሁሉንም ነገርኩት። መጀመሪያ አላመነኝም። ከዚያ መሪውን በመዳፉ እየመታ ሳቀ፤ ሳቁ ደስ የሚል አልነበረም።

«አንተ ሰውዬ፣ ቀኑን ሙሉ እጅህ ውስጥ የታጠፈ ዶላር ስትቀበል እየዋልክ ፖስትካርድ ጉቦ ሆነብህ?»

«ቲፕ ሌላ ነው።»

«ሌላ ነው፣ አዎ። እሱ ላንተ ነው።»

ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ስማኝ ወንድሜ። እሷ ቴክሳስ ናት። አትሰማም፣ ከሥራ አትባረርም፣ ምንም አትሆንም። ደብዳቤውን እንደተባለው ስጣቸው። ሳታስረክብ ሄደች ካልናቸው ያዝኑልን ይሆናል። ጸሐፊያችን ሆን ብሎ አልላከም ካልናቸው ግን ማን ያዝንልናል? ያንተ እውነት ማንን ይጠቅማል?»

«እሷን።»

«እሷ ምን ጎደለባት?»

እውነቱን ልጻፍ፤ ያለኝ ነገር ልቤን አስደስቶት ነበር። መኪናው ውስጥ ተቀምጬ አዎ ልለው ምን ያህል እንደቀረበኝ እኔ ነኝ የማውቀው። ያዳነኝ ጽድቄ አይደለም። ያዳነኝ አንድ ማመልከቻ ብቻዬን መሙላት አለመቻሌ ነው። ነፃነቱን ለመመለስ እንደገና ማመልከት ያስፈልጋል፤ ማመልከቻው ማኅበሯ ስትመሠረት የነበረውን የሚያውቅ ሰው ይፈልጋል። በማግስቱ ወደ ቴክሳስ ደወልኩ።

ነገርኳት። ስልኩ ውስጥ የልጆች ጫጫታ ይሰማ ነበር፤ በር ዘጋች መሰለኝ ጫጫታው ጠፋ።

«ጋሼ፣ ይቀየማሉ ያልኩት እኮ እየቀለድኩ ነው።»

«አሁን ገባኝ።»

«ለምን አልጠየቁኝም? ቁጥሬ አለዎት።»

አጠፋሁ አልኳት። «ወላጆቹ እኔ ነኝ ያጠፋሁት ነው የሚሉት?» አለችኝ።

«አዎ።»

«እርስዎስ ምን አሉ?»

«አልነገረችኝም አልኩ። ሳላውቅ ነው ያልኩት። ካወቅሁ በኋላ ግን ስድስት ቀን ዝም ብያለሁ።»

«እሺ» አለች። አልተሳደበችም። «ካለፈው ኖቬምበር ጀምሮ ዐሥራ አምስት ወር ስላልሞላው ጊዜ አላችሁ። በጊዜው ካመለከታችሁ እንዳልተቋረጠ ይቆጥሩታል። እሑድ ይደውሉልኝ፣ አብረን እንሞላዋለን። ማኅደሩን አጠገብዎ ያድርጉ።» ከዚያ ሥራ አለብኝ ብላ ዘጋች።

ቅዳሜ ያንኑ ትንንሽ ወንበር ከበን ተቀመጥን። ቆሜ ተናገርኩ፤ የነጋዴውን፣ የካርዱን፣ የሦስቱን ኖቬምበር፣ የስድስቱን ቀን ዝምታ። ሳልጨርስ የሳቁ ነበሩ። አንዱ «ፖስትካርድ!» ብሎ ጭንቅላቱን ይዞ ቀረ። ሊቀመንበሩ መሬት መሬት ያያል። ለሆቴሉ የጻፍኩትን ቀድጄ ሌላ መጻፌን፣ አዲሱ ጥፋቱ የኔ መሆኑን እንደሚናገር ገለጽኩላቸው። ልልከው ነው አልኩ።

ያቺ እናት እጇን አወጣች፤ ልክ እንደ ተማሪ።

«የሆቴሉ ሰዎች ይህን ሲያነቡ ክፍሉን ያቆዩልናል?»

«አላውቅም። ላያቆዩት ይችላሉ።»

«በመጀመሪያው ደብዳቤ ቢሆንስ?»

«እሱንም አላውቅም። ምናልባት ይሻል ነበር።»

ቦርሳዋን አነሣች። «እውነቱን መናገርዎ ለእርስዎ ጥሩ ነው ጋሼ። ዛሬ ማታ ቀልሎዎት ይተኛሉ። የኔ ልጅ ግን ገና አሁን ምዕራፍ ምዕራፍ ያለው ረጅም መጽሐፍ መጀመሯ ነበር» አለችኝ። ድምፅዋን እንኳ ከፍ አላደረገችም። እኔ ለሩብ ሰዓት በር ላይ የገሠጽኳት ሴት ናት።

ሆቴሉ በአምስት ቀን መለሰ። ለግልጽነታችን አመሰገነን፤ ነፃነታችን እስኪመለስ ድረስ ግን ክፍያው ይቆማል አለ። ሌላው ደብዳቤ ቢላክ ምን ይሉ እንደነበር እስከ ዛሬ አላውቅም። አንዳንድ ቀን ያው ነበር እላለሁ። አንዳንድ ቀን ደግሞ ልጆቹ እስከ ጁን ይማሩ ነበር እላለሁ፤ እነዚህኛዎቹ ቀኖች ይበዛሉ።

መምህርቷ ሁለት ቅዳሜ በነፃ አስተማሩ። በሁለተኛው ቅዳሜ የየልጁን መጽሐፍ የደረሰበት ገጽ ላይ ባለቀለም ወረቀት ሰክተው ለወላጆቹ ሰጡ። «ከዚህ ይቀጥሉ» አሉን በየተራ። ማን ያስቀጥላቸዋል? ያቺ እናት መጽሐፉን ተቀብላ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። በሳምንቱ ወደ ቅዳሜ ኦቨርታይሟ ተመለሰች።

ማመልከቻውን ከልጅቷ ጋር በስልክ ሞላን፤ ሁለት እሑድ ፈጀ። የማላውቀውን ቃል ሁሉ ጠየቅኋት። አንዳንዱን የማውቀውንም ጠየቅኋት። ኦገስት ላይ ደብዳቤው መጣ። ነፃነታችን ከተሰረዘበት ቀን ጀምሮ እንዳልተቋረጠ ይቆጠራል ይላል። ሦስቴ አነበብኩት። የመንግሥት መዝገብ የተቋረጠውን እንዳልተቋረጠ ሊቆጥር ይችላል፤ የስምንት ዓመት ልጅ ግን በዚያ መካከል ዘጠኝ ዓመት ይሞላታል። ሆቴሉ የዓመቱን ገንዘብ ለሌላ ትምህርት ቤት መድቦታል። መምህርቷ ሰዘርን ሃይላንድስ አካባቢ የቅዳሜ ሥራ ይዘዋል። ደወልኩላቸው፤ አዘኑ፤ ቃሌን ለሌሎች ሰጥቻለሁ አሉኝ። ትክክል ናቸው።

ኖቬምበር ሲገባ ትልቋ ልጄ አጠገብ ተቀመጥኩና ፖስትካርዷን ከፈትናት። ፊት ለፊት ሳያት ምን ያህል ትንሽ እንደሆነች ገረመኝ። የማኅበሩ ስም። አድራሻ፤ የኔን አስገባሁ። የኃላፊው ስም። ገቢያችሁ ከሃምሳ ሺህ በታች ነው ወይ? ነው። ልጄ ትጽፋለች፣ እኔ እመልሳለሁ። ከዚያ አንዲት ጥያቄ ላይ ቆመች።

«ድርጅቱ ተዘግቷል ወይ ይላል።»

«አልተዘጋም በይ።»

አልነካችውም። «አባ፣ እውነት ነው?»

ከኦገስት ወዲህ አልተሰበሰብንም። ክፍል የለም፣ መምህርት የለም፣ ወላጆቹ ስልክ አያነሡም። ይህን እሷም ታውቃለች። ላፕቶፑን ዝጊው፣ ቅዳሜ እንልከዋለን አልኳትና ለሊቀመንበሩ ደወልኩለት።

«ቅዳሜ ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ ስብሰባ አለ» አልኩት።

«ስለ ምን?»

«ስለ ምንም። መሰብሰብ አለብን።»

«አንተ ሰውዬ፣ አሁን ደግሞ ምን አነበብክ?» አለ። ግን መጣ። ለሌሎቹም ሁሉ መልእክት ልኬ ነበር፤ ማንም አልመጣም። ትንንሾቹ ወንበሮች ላይ ፊት ለፊት ተቀመጥን። ሊሞዚኑ ውጭ ቆሟል፤ የሚያነሣው እንግዳ ስላለበት ሰዓቱን ያያል። ክፍሉን እንደገና ለመክፈት ሌላ ሆቴል እንጠይቅ ተባባልን፤ የትኛውን እንደሆነ አልተስማማንም። ቃለ ጉባኤውን ከፈትኩና ጻፍኩ፤ የተገኙ፣ ሁለት። ያልተገኙ በሚለው ስር ስም መዘርዘር ጀመርኩና አቆምኩ። እሱ ፈረመ፣ እኔም ፈረምኩ።

ቤት ስገባ ልጄ ላፕቶፑን ከፍታ ጠበቀችኝ።

«ተሰበሰባችሁ?»

«ሁለት ሆነን።»

«ኦኬ» አለችና አልተዘጋም የሚለውን ነካችው። ከዚያ ላከችው። አምስት ደቂቃም አልፈጀም።